የኦቦ ጉርሜሳ እጅ

የኦቦ ጉርሜሳን ሞት የነገረኝ የድንች መኪና ሹፌር ነው። አምቦ፣ መጋዘኔ በር ላይ አይሱዙውን አቁሞ፣ ከመሪው ሳይላቀቅ፣ "ሸምሱ፣ ዛሬ ጭነት የለም። የላይኛው አገር ሰው ሁሉ ቀብር ነው" አለኝ። የማን ቀብር እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ስማቸውን አያውቀውም።

"ያ ድሮ እጁን ካወጣ የማያወርደው ሽማግሌ" አለ።

ከዚያ ወዲያ ስም አላስፈለገኝም። መጋዘኑን ቆለፍኩና ጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ።

"ዘመድህ ናቸው እንዴ?" አለኝ ዳገቱን ስንጀምር።

"አይደሉም።"

"ታዲያ ሥራ ፈትተህ ቀብር?"

"አንድ ነገር ተናገር ብለውኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው።"

ሹፌሩ ሳቀ። "ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?"

እሱን ነው እንግዲህ የምጽፈው።

ከተማዋን በስም አልጠራም፤ የከተማዋ ሰው ካነበበው ራሱን ያውቃል። ከአምቦ ወደ ሰሜን የሚያስወጣውን ዳገት ስትጨርስ ገብሱና ድንቹ መሐል ተወሽቃ ታገኛታለህ። ጎጆ ከተማን ብርዳም የሚል ሰው እሷን አላየም። እኔ የገባሁባት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ከስልጤ አገር፣ አንድ ሚዛንና አንድ እስር ባዶ ኬሻ ይዤ። ኦሮምኛዬ "ሜቃ" ከምትለው ቃል አያልፍም ነበር። ስንት ነው ማለት ነው። ዋጋ ጠይቄ መልሱን የማልሰማ ነጋዴ ነበርኩ።

በሦስተኛው ገበያ ገበሬዎቹ ከበቡኝ። ሚዛንህ ይሰርቃል ነው። ሚዛኔ ያ ሁለት ሳህን ያለው፣ ባንዱ ብረት በሌላው ድንች የሚቀመጥበት ዓይነት ነው። አንዱ ዱላውን ነቀነቀብኝ፤ አንዲት ሴት ኬሻዬ ላይ ቆማ አልወርድም አለች። እኔ በየት በኩል እንደምሮጥ እያሰላሁ ሳለ፣ ከሰው ራስ በላይ አንድ እጅ ተሰቅሎ አየሁ። ቁመታቸው የረዘመ፣ ቡሉኮ የለበሱ፣ ቦቲ ጫማ ያጠለቁ ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው በግራ መዳፋቸው ክርናቸውን ከሥር ይዘውታል፤ የከበደ ቅርንጫፍ በባላ እንደሚደገፍ። አይጮሁም፣ አይገፉም። ካፊያው እያረጠባቸው እንዲሁ ቆሙ። መጀመሪያ አጠገባቸው ያለው ዝም አለ፤ ቀጥሎ የእሱ ጎረቤት፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዝምታው እኔ ዘንድ ደረሰ።

"ኦቦ ጉርሜሳ ሃ ዱበተን!" አለ አንዱ። ይናገሩ ማለቱ ነው።

"ሳህኑን ገልብጡት" አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ብረቱ የሚቀመጥበት ሳህን ሲገለበጥ ከሥሩ ቡጢ የሚያክል ጭቃ ተለጥፎ ተገኘ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጭቃውን በእንጨት ፍቀው ጣሉትና ሚዛኑን መለሱልኝ። "ሚዛን ላይ ላዩን ብቻ አይታጠብም" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ጭቃው እንዳለ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ተዛመድን። ኦሮምኛ ሰው ሲጠራ "ያ" ይላልና "ያ ሸምሱ" ነበር የሚሉኝ። ክረምት ላይ ድንቼን በራሳቸው ጎተራ ጥግ አስቀምጠውልኛል። ጴንጤ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፤ እኔ ሙስሊም ነኝ። እኔ ስሰግድ ውሻቸውን ያስሩልኛል፤ እሳቸው ሲጸልዩ እኔ ዋጋ መከራከሬን አቆማለሁ። የኔ ሳይከብድ አይቀርም።

አንድ ቀን ስለ እጃቸው ጠየቅኋቸው።

"ሰው እያወራ የሚያቋርጥ ከብት ነው" አሉኝ። "ከብትም ቢሆን ወንዝ ሲወርድ ተራ ይጠብቃል።"

"ተራው ባይደርስዎስ?"

"የወጣ እጅ ሳይናገር አይወርድም፣ ያ ሸምሱ። ሳይናገር ከወረደማ ሁለተኛ ማን ያየዋል?"

ከከተማዋ በላይ ባለው ገጠር፣ ላይኛው አገር በምንለው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ደም ሲፈስ፣ ለሽምግልና መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ፣ ያ የተደገፈ እጅ ይወጣል፤ ከዚያ ነገሩ ያልቃል።

እንግዲህ እኒህን ሰው የላይኛው አገር ለምክር ቤት መረጣቸው። እኔንም ነጋዴው መረጠኝ፤ ማለትም ሌላው ነጋዴ ሱቄን ዘግቼ አልቀመጥም ስላለ።

ምክር ቤታችን ተቃውሞ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። አፈ ጉባኤው "የሚደግፍ" ሲሉ ሁሉም እጅ ይወጣል። "የሚቃወም" ሲሉ የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። "ድምፀ ተዓቅቦ" የሚሉትን ደግሞ ብዙዎቻችን የበሽታ ስም ይመስለን ነበር። አንድም ቀን ድምፅ ተቆጥሮ አያውቅም። ምኑ ይቆጠራል?

ኦቦ ጉርሜሳ ግን እዚያም እጃቸውን ያወጡ ነበር። አንድ ጊዜ የሥራ ሪፖርት ሲነበብ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እጃቸው እንደተሰቀለ ቆየ። አፈ ጉባኤው አላየሁም ብለው ብለው በመጨረሻ ሲሰለቻቸው ዕድል ሰጧቸው። ኦቦ ጉርሜሳ ተነሡ፣ አንድ እግራቸውን ወደ መተላለፊያው ዘረጉ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል።

"ሪፖርቱ ድልድዩ ተጠናቋል ይላል። እኔ ዛሬ የመጣሁት በወንዙ ውስጥ ነው። የቱ ጋ እንደተሠራ ንገሩኝና ስመለስ በዚያ ልሂድ።"

ድልድዩ በዓመቱ ተሠራ።

ከሚሊኒየሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የገበያው ጉዳይ መጣ። የከተማዋ ገበያ መሐል ሜዳ ላይ ነበር። የላይኛው አገር ሰው በጉን እየነዳ፣ ሴቶቹ ቅቤያቸውን ተሸክመው፣ ሁለት ሰዓት ተጉዘው የሚደርሱበት። ይህን ሜዳ ትተን ገበያውን ታች መኪና መንገዱ ዳር እናውርደው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ለላይኞቹ መንገዱ እጥፍ ሊሆንባቸው ምንም አይቀረው። መውረዱስ ይሁን፤ ጭነት ይዞ መመለሱ ነው። ሐሳቡን ያቀረበው የነጋዴው ወገን ነው። የነጋዴው ወገን ማለት ከሁሉ በፊት እኔ ነኝ። ታች መንገዱ ዳር መጋዘን ጀምሬ ነበር።

ከበላይ ያዘዘን ስላልነበረ ምክር ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልቡ ተከፈለ። የጉባኤው ቀን ኦቦ ጉርሜሳን የላይኛው አገር ሴቶች እስከ አዳራሹ በር ሸኟቸው። ፊት ፊት ያሉት ቅቤ ነጋዴዋ ባለቤታቸው አዴ በዳቱ ነበሩ።

"ሜዳችንን አደራ" አሏቸው ሴቶቹ።

"እኔ እያለሁ?" አሉ ኦቦ ጉርሜሳ።

ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ሄደ። ነገሩ ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ ያን ጊዜ ኦሮምኛዬ ከዋጋ አልፎ ነገር ማሳመር ደርሷል። ስለ መኪናው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ዕድገቱ ተናገርኩ፤ ደህና ተናገርኩ። ስቀመጥ ኦቦ ጉርሜሳ ከኋላው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ እጃቸውን አወጡ። ከምክር ቤቱ ጓሮ ለምሳ በግ መታረዱ ተሰምቶ ሁሉም ቸኩሏልና አፈ ጉባኤው ዓይናቸውን ከወረቀታቸው አላነሡም።

"ውይይቱ ተዘግቷል። ድምፅ እንሰጣለን። ዛሬ መቆጠሩ አይቀርም፤ ማን ይቁጠርልን?"

"ሸምሱ ይቁጠር!" አለ አንዱ። "ኬሻ ሲቆጥር ተሳስቶ አያውቅም!" ተጨበጨበልኝ።

"የሚደግፍ!" አሉ አፈ ጉባኤው።

ከራሴ ጀመርኩ። ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ እያለፍኩ ቆጠርኩ። የመጨረሻው ረድፍ ስደርስ አሥራ ስድስት ብያለሁ። ቀሪ የወጣ እጅ አንድ ነው፤ የኦቦ ጉርሜሳ። ቀኙ ወደ ላይ፣ የግራው መዳፍ ክርኑ ሥር። ዓይናቸው እኔ ላይ አይደለም፤ አፈ ጉባኤውን ነው የሚያዩት። ከንፈራቸው የመጀመሪያውን ቃል ይዟል። ሰው ድምፅ ሲሰጥ ክንዱን በባላ አይደግፍም። ይህን እጅ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ደግሞም ጠቅላላ ሠላሳ ሦስት ነን፤ ነጋዴ ነኝና ቀሪውን ማስላት አይጠፋኝም።

"አሥራ ሰባት" አልኩ።

ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ሰባት ለመሄድ አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀብኝ።

"የሚቃወም!"

እንደገና ከፊት ጀምሬ ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት ብዬ መስኮቱ ሥር ስደርስ ያው እጅ አሁንም እንደተሰቀለ ነው። ተራቸው የመጣ መስሏቸው አሁን ነቅነቅ አደረጉት።

"እርስዎ ተቆጥረዋል፣ ኦቦ" አልኳቸው።

አፈ ጉባኤው ቀና አሉ። "ኦቦ ጉርሜሳ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድምፅ አይሰጥም። ምሳው ላይ ግን ሁለት ጊዜ ይጨመርልዎታል።"

አዳራሹ ሳቀ። ኦቦ ጉርሜሳ እጃቸውን ሳያወርዱ ተነሡ። "እኔ አልደገፍኩም። እጄ የወጣው ለመናገር ነው። ውይይቱ ሳይዘጋ ነው የወጣው።"

"ቆጣሪው ቆጥሯል" አሉ አፈ ጉባኤው።

ያን ጊዜ ኦቦ ጉርሜሳ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ያ ነው የሚያንገበግበኝ። ምስክር እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብለው፣ "ያ ሸምሱ፣ ይህን እጅ አንተ ታውቀዋለህ። ምን ብሎ ነበር የወጣው?" አሉኝ።

አሥራ ስድስት ነው፣ ተሳስቻለሁ ማለት ይበቃ ነበር። አራት ቃል። እኔ ግን አፌ ላይ ቀልድ መጣልኝ።

"ኦቦ፣ እኔ የምቆጥረው የወጣ እጅ ነው። ሐሳብ በኬሻ አይገባም።"

ሳቁ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። አፈ ጉባኤው እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። በዕድሜዬ ብዙ ቀልጃለሁ። ያቺ ቀልድ ግን እግር አውጥታ ሄደች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እጃጂ ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የማላውቀው ሰው ሲደግማት ሰምቻለሁ። አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ኦቦ ጉርሜሳ መጀመሪያ ግራ እጃቸውን ከክርናቸው ሥር አነሡ። ቀኙ ብቻውን ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወረደ፤ ሳይናገር።

ቃለ ጉባኤው አሥራ ሰባት ለአሥራ ስድስት ብሎ ተጻፈ። እሳቸው ለምሳው አልቆዩም።

ወሬው ሴቶቹ ዘንድ ከእሳቸው ቀድሞ ደርሷል። ጉርሜሳ ሸጠን። እጃቸው ለመናገር እንደወጣ ሲያስረዱ ነገሩ ባሰ፤ ከሐዲ ያለው ሰው ጅልም ጨመረበት። በዕድራቸው ስብሰባ እጃቸውን ሲያወጡ ከኋላ አንዱ፣ "ኦቦ፣ እየጠየቁ ነው እየደገፉ?" አለ አሉ። ያ የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ያወጡበት ቦታ የለም። ለሽምግልና የሚጠራቸውም ቀረ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሌላ ሰው ፈለጉ፤ ድንበር የተገፋበት ወረዳ ሄዶ ከሰሰ።

ገበያው ወረደ። በየቅዳሜው እሳቸው በግ እየነዱ፣ አዴ በዳቱ ቅቤውን በጀርባቸው ተሸክመው፣ በመጋዘኔ በር ያልፋሉ። "ነጋ ጂርታ፣ ያ ሸምሱ?" ይሉኛል፣ ደህና ነህ ወይ፣ በዚያው በድሮው ድምፅ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ ይለመዳል፤ ነጋዴ ነኝ። አዴ በዳቱ ግን ሰላምታ አይሰጡኝም፤ ሸክሙ አንገታቸውን አጉብጦት ስለሆነ አያዩኝም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

በዓመቱ ገደማ አንድ ቅዳሜ መጋዘን አስገባኋቸው፣ ኬሻ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ በሩን ገርበብ አደረግሁት።

"ኦቦ፣ ያን ቀን አይቼዎታለሁ። እጅዎ ለመናገር እንደወጣ እያወቅሁ ነው የቆጠርኩት። ይቅር ይበሉኝ።"

ቦቲያቸው ላይ ያለውን ጭቃ እያዩ፣ "ማወቅህን አውቃለሁ" አሉ። "ባታውቅማ አልጠይቅህም ነበር።"

"ይቅር አሉኝ ታዲያ?"

"በሩን ለምን ገርበብ አደረግኸው?"

ዞሬ በሩን አየሁት።

"በአደባባይ የፈሰሰ ጓዳ ውስጥ አይታፈስም፣ ያ ሸምሱ። እጅህን አውጣና ሰው ፊት ይህንኑ ተናገር። ከዚያ ና፤ ይቅርታው እኔ ዘንድ ተቀምጦልሃል።"

"ገበያው እኮ አይመለስም" አልኳቸው፤ ሞኝነቴ።

"ሜዳውማ ሄዷል። እኔ የምልህ ስሜን ነው።"

በሚቀጥለው ጉባኤ እናገራለሁ ብዬ ማልኩ። የሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳው በዛ። የሚከተለው ላይ በእርግጥም እጄን አነሣሁ፤ ጆሮዬ አጠገብ ስትደርስ አፈ ጉባኤው ዓይናቸውን ጣሉብኝና ጆሮዬን አከክሁ። ከዚያ ክረምት ገባ። ከዚያ የምክር ቤቱ ዘመን አለቀ። ከዚያ ንግዱ ሰፋና አምቦ ገባሁ። ለእያንዳንዱ ዓመት ምክንያት አለኝ፤ ሁሉም ደህና ምክንያት ነው። ስለ እሳቸው ሹፌሮቹን እጠይቅ ነበር። "አሉ" ይሉኛል። አሉ ከተባለ ጊዜ አለ ማለት ነው እል ነበር።

ቀብሩ ላይ የደረስነው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የላይኛው አገር ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶ ከአጥሩ ውጭ ተዳፋቱ ላይ ቆሟል። የሞቱ ዕለት ሰው አይቀርም፤ ያቄመም ቢሆን። መዘምራኑ ዘመሩ። አንድ ወጣት የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ፤ ልደታቸውን፣ ትዳራቸውን፣ ልጆቻቸውን። "በምክር ቤት አባልነትም አገልግለዋል" ሲል ከኋላ በኩል አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ናት። አዴ በዳቱ ግን ሰሟት፤ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

ያቺ ሳቅ የማን እንደሆነች አውቃለሁ። የኔ ናት። እኔ ነኝ ያስነሣኋት።

የፕሮግራሙ መሪ ሰማዩን አየ። "ደመናው እየወረደ ነው። ፕሮግራማችንን እዚህ ላይ እንዘጋለን።"

እጄን አወጣሁ።

አጭር ሰው ነኝ፤ ማንም አላየኝም። መሪው ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሮቹ መናገር ጀመረ። እጄን አላወረድኩም። እጅ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ ኩንታል ያነሣሁበት ክንዴ ዛለ። ግራ እጄ ራሱ ሄዶ ክርኔን ከሥር ደገፈው። ያደረግሁትን ያወቅሁት አጠገቤ ያለው ሰው ዝም ሲል ነው። ቀጥሎ የእሱ ጎረቤት ዝም አለ። ዝምታው እንደዚያ እንደ ጥንቱ ገበያ እየተቀባበለ እስከ መቃብሩ አፍ ሄደ። ያን አቋቋም የማያውቅ በዚያ አገር አልነበረም።

"የወጣ እጅ አለ" አሉ አዴ በዳቱ።

ተናገርኩ። አሥራ ስድስት ላይ መድረሴን፣ እጁን አይቼ ማወቄን፣ አሥራ ሰባት ማለቴን። ምን ብሎ ነበር የወጣው ብለው ሲጠይቁኝ የመለስኩትንም ቃል በቃል ደገምኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልሳቀባትም።

በዱላው የተደገፈ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቆጣሪ፣ እንግዲህ ስንት ለስንት ነበር?"

"የደገፈ አሥራ ስድስት። የተቃወመ፣ ኦቦ ጉርሜሳን ጨምሮ፣ አሥራ ሰባት።"

ሽማግሌው ላልሰማው ጎረቤቱ ደገመለት። ያም ለቀጣዩ። ቁጥሩ ከሰው ወደ ሰው እያለፈ አጥሩን ተሻግሮ ተዳፋቱ ላይ ወደ ቆሙት ሴቶች ወጣ። ካፊያ ጀመረ፤ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

አዴ በዳቱ አፈሩን ዞረው መጡና ፊቴ ቆሙ። ስንት ቅዳሜ በመጋዘኔ በር አልፈው አንድም ቀን ፊት ለፊት አይተውኝ አያውቁም።

"በርፈቴ" አሉኝ። ዘገየህ።

መልሴን አልጠበቁም።

"በል አሁን አውርደው። ተናገርክ እኮ።"

ያን ጊዜ ነው እጄ አሁንም እንደተሰቀለ ያየሁት።